ሰባት ቀለም የተቀባችው ኩፔ

አንድ ሰው አንዲት አሮጌ መኪና ፊት ቆሟል። አገሩ ኮምቦልቻ ነው፤ ወሩ ጥር፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ። ሰውየው ኪሱ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ጨብጦ እጁ አልቦታል። መኪናዋ ጎማ የላትም፤ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ አንድ የቁራጭ ብረት ነጋዴ የመቁረጫ እሳቱን ይዞ፣ የሚጀምርበትን ቦታ እየመረጠ ነው።

ወገኖቼ፣ መኪናዋን አንድ ጊዜ በደንብ እዩልኝ። የጀርመን ሥራ ናት። ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ዝቅ እያለ የሚወርድ፣ ያቺ ኩፔ የሚሏት ዓይነት። የሠራትን ፋብሪካ ስም አልጠራም፤ መድረኩን ለማስታወቂያ አዋለው እንዳትሉኝ። በጊዜዋ በዋናው መንገድ ስታልፍ ባለ ሱቁ ሚዛኑን ትቶ በር ላይ ይወጣ ነበር። አሁን ግን ባለቤቷ እማማ ወለተ ሐና ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግቢያቸውን ማስለቀቅ ስለፈለጉ በኪሎ ሊሸጧት ተስማምተዋል። በኪሎ! እንደ ድንች።

ሰውየው እሸቴ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ፋብሪካ በቶርኖ ማሽን ላይ ብረት ሲያዞር፣ ሲቀርጽ የኖረ ባለሙያ ነው። በዚያ ዓመት ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ስሙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ከስሙ አናት ላይ «ትርፍ የሰው ኃይል» የሚል ተጽፏል። ሠላሳ አንድ ዓመት ካገለገላችሁ በኋላ ትርፍ ናችሁ ስትባሉ ምን እንደሚሰማ ታውቁት ይሆን? እሸቴ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ምናልባት ሌላ እሸቴ ይሆናል ብሎ። ሌላ እሸቴ አልነበረም።

ታዲያ ልጅ እግር ተለማማጅ ሳለ፣ የፋብሪካው የውጭ አገር መሐንዲስ የሚነዳት አንዲት ኩፔ ነበረች። እሸቴ በእረፍት ሰዓት አጥር ተደግፎ ያያት ነበር። ለማንም አልተናገረም እንጂ፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለችውን እይዛለሁ ብሎ ነበር። ዕድሜ ልኩን ለሰው መኪና ዕቃ ሲቀርጽ ኖረ፤ የራሱ መኪና ግን ኖሮት አያውቅም። እና ያን ቀን እሳቱ ሊነካት ሲል ባያት ጊዜ፣ ያቺው አይነት መሆኗን አወቀ። ልቡ ዘለለ።

እኛ አገር መኪና ብቻውን የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ሰው መኪና ሊያይ ሲሄድ መካኒኩ ይከተላል፣ ጎረቤቱ ይከተላል፣ የጎረቤቱ አማች ይከተላል፣ መንዳት የማይችለው ደግሞ ከሁሉ ፊት ይሄዳል። ጎማ በጫማ ጫፍ መታ መታ ያደርጋሉ። ኮፈን ከፍተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ሁሉም አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ። ትሄዳለች ወይ? አይሉም። ትመቻለች ወይ? አይሉም። «ስትሸጣት ታወጣለች ወይ?» ነው ጥያቄያችን። ገና ሳንገዛት መሸጫዋን እናስባለን።

ከእሸቴ ጋር የመጣው ደላላው ምትኩ ነበር። ምትኩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ተጫዋች፣ ለሰው ደራሽ፣ ግን ዓለምን ሁሉ በመሸጫ ዋጋው የሚያይ ሰው ነው። ኩፔዋን አንዴ ዞራትና ሳቁ መጣ። ባጃጅ ብትገዛ እንጀራ ትበላለህ፣ ይቺን ብትገዛ እሷ አንተን ትበላሃለች ማለቱን በጨዋ ቋንቋ፣ በአክብሮት አስረዳው። የኋላ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሰው እንደ ድመት ሾልኮ መግባት እንዳለበትም በተግባር አሳየው። እሸቴ ሰማው፤ ሰምቶ ሲያበቃ ወደ እማማ ወለተ ሐና ሄዶ ነጋዴው በኪሎ ከሰጠው ዋጋ ጥቂት ጨምሮ ገዛት። ሊብሬዋን ተቀብሎ በጋቢው ውስጥ ሸሸጋት። ነጋዴው እሳቱን አጥፍቶ እያጉረመረመ ሄደ።

ሰፈሩ ጉድ አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ የዘንድሮው ግን በጥር መጣ አሉ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለውም ተረቱበት። ይህችን ተረት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የሰፈሩስ ይሁን፤ ከባዱ ቤት ነበር። ሚስቱ የሺመቤት መኪናዋ በጋሪ ተጎትታ ግቢ ስትገባ በር ላይ ቆማ አየች። አልጮኸችም። ባሏ ከሥራ የተሰናበተበት ገንዘብ ከሞላ ጎደል እዚያ ጋሪ ላይ እንዳለ ገብቷታል። ለሦስት ቀን ምግብ እያቀረበች አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ቁጭ ብላ የተናገረችው ይህን ነው።

«እሸቴ፣ እኔ አንተን አውቅሃለሁ፣ ሰክረህ አታውቅም፣ ቆምረህ አታውቅም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ይቅር ልበልህ። የፋሲካ ማግሥት ደሴ እናቴ ቤት እሄዳለሁ። ሳትፈላ፣ ሳትገፋ ይቺ መኪና ደሴ ካደረሰችኝ ግቢዬ ውስጥ ትኑር። መንገድ ላይ ከቆመች ግን እዚያው ለምትኩ ትሸጣታለህ፤ ስሟንም ሁለተኛ አታነሣብኝም።»

እሸቴ እሺ አለ።

ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን አቀበት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ሽቅብ ነው። መንገዱ ተራራውን እየታጠፈ፣ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ስንቱ አዲስ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት ሲተፋ እናየዋለን! እሸቴም ሲጠያይቅ የኩፔዋ ታሪክ ሁሉ ያ አቀበት መሆኑን ሰማ። ማንም ይግዛት ማን፣ ግማሽ መንገድ ላይ ትፈላለች። ራዲያተር ቢቀየርላት ትፈላለች። ቢታጠብላትም ትፈላለች። በዚህ ምክንያት ነበር ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የኖረችው።

አንድ ቀን በሩን በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አደረገው። ላዩ ሰማያዊ ነው። ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ነጭ፣ ከነጩ ሥር ቀይ። ፋቀ። እንደገና ሌላ ሰማያዊ፣ ከዚያ ግራጫ። በየመካከሉ ባትላሜራ ቤት ዝገት ላይ የሚለጠፈው ስቱኮ አለ፤ በጣት የሚፈረፈር። ከሁሉ ሥር፣ ብረቱ ላይ፣ ጀርመኖቹ የቀቧት የማር ቀለም ቁጭ ብላለች። ሰባት ቀለም! እሸቴ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። ከፋብሪካዋ ከወጣች ወዲህ የተቀባችው እያንዳንዱ ቀለም አንድ ሻጭ ነው። ፈላችበት፤ ቀባት፤ ሸጣት። ሁሉም ቀብቷታል፤ ለምን እንደምትፈላ የጠየቀ ግን የለም።

ምትኩም በዚያው ሰሞን ብቅ አለና ያንኑ መከረው። ስቱኮ ይለጠፍባት፣ ደማቅ ቀይ ትቀባ፣ ከፋሲካ በፊት ገዢ አመጣለሁ፣ አብሽሩ፣ ገንዘብዎ አይቀልጥም አለው። እሸቴ ደግሞ ሞተሯን ልፈታት ነው አለ። ምትኩ ራሱን ያዘ። «ጋሽ እሸቴ፣ ሊሸጥ የገዛ ሰው ሞተር ይፈታል እንዴ?» አለው። ትክክል ብሏል፤ ሊሸጥ የገዛ ሰው ሞተር አይፈታም። ቀለም ይበቃዋል።

እሸቴ ፈታት። የካቲት አለቀ፣ መጋቢት ገባ፣ ግቢው በሞተር አካል ተሞላ። ዝገቱን ቆርጦ አወጣ፣ አዲስ ላሜራ በየደ፤ ፍሬኗን አደሰ፤ አሮጌ ጎማ አፈላልጎ ገጠመላት። የተበላውን ብረት የቀድሞ ጓደኛው ወርክሾፕ እየሄደ በቶርኖ ቀረጸው። ነገር ግን የመፍላቷን ነገር ሊያገኘው አልቻለም። የውሃ ፓምፑ ጤነኛ ነው። ራዲያተሩ ክፍት ነው። ታዲያ ምንድን ነው? ቀኑ ደግሞ እየሄደ ነው። ጾሙ ተጋምሷል። የሺመቤትም ለእናቷ የምትወስደውን ቅቤ እያነጠረች ነው። ያ የቅቤ ሽታ እንዴት እንደሚያስፈራ ያገባ ያውቀዋል።

አንድ ጠዋት ውሃው ከሞተሩ የሚወጣበትን ክፍል እያጸዳ ጣቱን ወደ ውስጥ አስገባ። ጣቱ ቆመ። ውስጡ ዙሪያውን በማሽን የተቆረጠ ጠባብ እርከን አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈዋል፤ ስድስት መካኒክ አልፎታል። ቶርኖ ላይ የኖረ ሰው ግን አያልፈውም። ብረት ቆራጭ ያለ ምክንያት እርከን አይቆርጥም፤ እርከን ካለ የሚቀመጥበት ነገር አለ። እሸቴ እጁን ሳያወጣ ብዙ ቆየ። እዚህ ቦታ የጎደለ ነገር አለ አለ በልቡ።

የጎደለውም ቴርሞስታት የሚሏት፣ ከብርጭቆ አፍ የማትበልጥ ዕቃ ናት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃውን እዚያው ታዞረዋለች፤ ሲግል ደግሞ ያን አጭር መንገድ ዘግታ ወደ ራዲያተሩ ያለውን በር ትከፍታለች። እሷ ከሌለች ውሃው ሁልጊዜ በአጭሩ መንገድ እየዞረ፣ ሳይበርድ ይመለሳል። በአገራችን ግን መካኒኩ ሲያገኛት ምን ይላል? «ይቺ ለብርድ አገር የተሠራች ናት፤ ለእኛ ትርፍ ናት» ብሎ ያወጣታል። እንዲያው ሞተር ፈትተን ስንገጥም ብሎን ከተረፈን በችሎታችን ነው የምንኮራው። ጀርመን ሲያስብ የከረመውን እኛ በአንድ ጠዋት እንቀንስለታለን!

እሸቴ ትርፍ የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብቦታል።

ከየት ያምጣት? ለእንዲህ ያለች መኪና መለዋወጫ ኮምቦልቻም የለም፣ አዲስ አበባም ጠይቆ አጣ። ከዚያ መኪናዋ ከእማማ ወለተ ሐና ግቢ ስትመጣ ባዶው የስኮርታ ጎማ ማስቀመጫ ውስጥ ተወትፋ የነበረች አንዲት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ትዝ አለችው። ዝጋ ክዳኗ አልከፈት ብሎት ጥግ ጥሏት ነበር። አሁን በመዶሻ ከፈታት። ውስጧ ዕቃ ሞልቷል፤ መካኒኮቹ ሁሉ ትርፍ ነው ያሉት ነገር። ብሎን፣ ቀለበት፣ የተጣመመ ሽቦ። ከታች፣ በደረቀ ቅባት ተለውሳ፣ ያቺ ዕቃ! ባለቤቶቿ ሁሉ መድኃኒቷን ከራሷ ከመኪናዋ ጋር እየሸጡ ነበር የኖሩት።

ግን ትሠራለች? ስንት ዓመት እንደተኛች ማን ያውቃል? እሸቴ በሎሚ አጥቦ፣ አጽድቶ ወደ ማድ ቤት ገባ። የሺመቤት ከገበያ ስትመለስ ባሏ የሽሮ ድስቷን ምድጃ ላይ ጥዶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ብረት እየቀቀለ አገኘችው። ዘንቢሏን አስቀመጠች። ይሄን ሰውዬ ሥራ ማጣቱ አሳብዶታል ብላ አሰበች፤ ኋላ ራሷ ናት የተናገረችው። ልትቆጣ አፏን ስትከፍት እሱ ጣቱን አፉ ላይ አደረገና ወደ ድስቱ ጠቆማት።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ውሃው ለብ አለ። ብረቷ ዝም። ውሃው ሞቀ፤ ብረቷ ዝም። እሸቴ እሳቱን ቆሰቆሰ። ውሃው ሊፈላ ጫፍ ሲደርስ ያቺ ትንሽ ዕቃ በዝግታ፣ ማንም ሳይነካት፣ መሐሏን ወደ ላይ ገፍታ በሯን ከፈተች።

የሺመቤት ብረት ሲታዘዝ አይታ አታውቅም። ባሏን ቀና ብላ ስታየው ዕንባው በጉንጩ ይወርዳል። «ትርፍ አልነበረችም፣ የሺ» አላት። እሷም ስለ መኪናዋ ብቻ እንዳልተናገረ ገባት። ነጠላዋን ሰብስባ ፊቱን ጠረገችለት፤ ድስቱን ግን አሸዋ አምጥቶ እንዲፈገፍግ አዘዘችው።

የፋሲካ ማግሥት ጠዋት ኩፔዋ ቀለም ሳትቀባ ወጣች። ያ ሁሉ ተፍቆ አላለቀም ነበር፤ እዚህ ጋ ቀይ፣ እዚያ ጋ አረንጓዴ፣ አዲሱ ላሜራ ደግሞ ባዶ ብረት። ሰፈሩ በር ላይ ተሰልፎ ይስቃል። የሺመቤት የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቅቤውን ከኋላ፣ አንድ ጄሪካን ሙሉ ውሃ ግን ጭኗ ላይ። እሸቴ ጄሪካኑን አየና ሞተሯን አስነሣ። ስትፈላ የሚጨመር ነው። ልቧ ወዶታል፤ ውሃዋን ግን አልተወችም።

አቀበቱ ጀመረ። የመጀመሪያው ጥምዝ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። እሸቴ መንገዱን አንዴ ሲያይ የሙቀት መለኪያዋን ሁለቴ ያያል። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ሁሉም የምትቆምበት ነው ያሉት ቦታ ላይ፣ ከፊቱ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና ቀጥ አለ። ከኋላ ደግሞ ሰልፍ ነው። ሞተሯን ሳያጠፋ፣ በፍሬን ይዞ፣ ሽቅብ እንደተሰቀለ መጠበቅ ሆነ። የመለኪያዋ ቀስት ተነሣች። መሐል ላይ ደረሰች። መሐሉን አለፈች። የሺመቤት የጄሪካኑን ክዳን ይዛለች፤ እሱ መሪውን ይዟል። ቀስቷ ቀዩ ምልክት ላይ ለመድረስ ትንሽ ሲቀራት፣ ቆመች። ከዚያ ቀስ፣ ቀስ እያለች ተመለሰች። በሩ ተከፍቷል!

«ተመለሰች» አለች የሺመቤት፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። ከባዱ መኪና ተንቀሳቀሰ፤ እሸቴ ማርሽ አስገባ፤ ያቺ በኪሎ ልትሸጥ የነበረች መኪና ተራራውን ይዛው ወጣች። እያንጎራጎረች ነው የወጣችው። በየጥምዙ ሰው ዞሮ ያያታል። እሸቴ ሳቀ፤ ከዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወዲህ እንዲያ ስቆ አያውቅም።

ደሴ ሊገቡ ሲሉ፣ የመጨረሻው ጥምዝ ላይ፣ አንድ አዲስ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ በእንፋሎት ተሸፍኗል። ባለ መኪናው እጁን አንሥቶ ቆሟል። ማን ይመስላችኋል? ምትኩ! የገዛ መኪናው ፈልታበት። እሸቴ ጥግ ያዘ። የሺመቤት ወረደችና ጭኗ ላይ ይዛው የመጣችውን ውሃ፣ ክዳኑ ያልተከፈተውን ጄሪካን፣ ለምትኩ ሰጠችው።

ምትኩ ውሃውን እየጨመረ ዓይኑ ኩፔዋ ላይ ነው። ጣቱን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ፤ አልጋለችም። ደላላ ደላላ ነው፤ እዚያው መንገድ ዳር አንድ የአዲስ አበባ ባለሀብት ለሠርግ መኪና የሚፈልጋት መሆኑን፣ ከገዙበት ዐሥር እጥፍ እንደሚከፍል ነገራቸው። «ጋሽ እሸቴ፣ ስንት ልበልልዎት?» አለ።

እሸቴ አፉን ሳይከፍት ሚስቱ መለሰች። ያቺ ሦስት ቀን ያላናገረችው፣ ሁለተኛ ስሟን አታንሣብኝ ያለችው።

«ልንሸጣት አልገዛናትም» አለች፤ ወንበሯ ላይ ተመልሳ በሩን ዘጋች።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። እናንተ ስንት ቀለም ተቀብታችኋል?

አንዱ ወዳጅ አገኛችሁ፤ አቀበት ላይ ፈላችሁበት፤ ተዋችሁ። መሥሪያ ቤት ቀጠራችሁ፣ ተጠቀመባችሁ፣ ትርፍ ናችሁ አለ። እናንተም በየጊዜው አዲስ ቀለም ገዛችሁ። ሰማያዊ ፈገግታ፣ ቀይ ቁጣ፣ ነጭ ጨዋነት። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጡ ስቱኮው ሳይደርቅ ነው የምትመጡት። ከመካከላችን በጣት ቢነኩት የማይፈረፈር ማን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን መደበቂያ ስንገዛ ኖርን።

ከዚያ አንድ ቀን እግዚአብሔር አገኛችሁ። የመቁረጫው እሳት አጠገባችሁ እያለ አገኛችሁ፤ ዋጋችሁንም ከፈለ። እናንተ ደግሞ ወዲያው ምን ጠበቃችሁ? ቀለም! ጌታ ሆይ፣ አሳምረኝ፣ ጎረቤት እንዲያይ አድርገኝ አላችሁ። እሱ ግን መፍታት ጀመረ። ዝገቱን ቆረጠ፤ አመማችሁ። ግቢውን ሁሉ በእናንተ አካል ሞላው፤ አፈራችሁ። ለምን ይፈታኛል፣ ጠልቶኝ ነው ወይ አላችሁ። አይደለም። የገዛችሁ ሊሸጣችሁ ስላልሆነ ነው። ሊሸጥ የገዛ ይቀባል፤ ሊያኖር የገዛ ይፈታል።

አንተ ወንድሜ፣ ትርፍ ነህ የተባልክ፣ እርከኑን የቆረጠው ያለ ምክንያት አልቆረጠውም። አንቺ እህቴ፣ ከውስጥሽ ያወጡብሽ፣ ለዚህ አገር አይሆንም ብለው የጣሉብሽ ነገር አልጠፋም፤ ቆርቆሮው ውስጥ አለ፤ አብሮሽ ሲጓዝ ነው የኖረው። ስድስት እጅ ቢያልፈውም የሠራሽን እጅ አያመልጠውም። አቀበቱም አይቀርም፤ ቀስቷ ትነሣለች፤ ግን ትመለሳለች! ለራሳችሁ ፈርታችሁ የተሸከማችሁትንም ውሃ ለሳቀባችሁ ሰው የምትሰጡበት ጥምዝ ይመጣል።

ያዙልኝ ያልኳችሁን ተረት አልረሳሁም። ሰፈሩ እሸቴን ሲሰድበው «የያዘውን አይለቅም» አለው። ይሳቁ። እኔም የያዘውን የማይለቅ አንድ አውቃለሁ። ነገ ጠላት መጥቶ ዐሥር እጥፍ ቢጠራባችሁ፣ ዓለም በሙሉ መንገድ ዳር ቆሞ «ስንት ልበልልህ?» ቢለው፣ መልሱን ዛሬ ሰምታችኋል። ሊሸጣችሁ አልገዛችሁም።